የመረብ ኳስ ጨዋታ

እግር ኳስ የሚጫወት ሰው ኳሷን በእግሩ እየነዳ ብቻውን ሩቅ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ቅርጫት ኳስ የሚጫወትም በእጁ እያነጠረ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ሊያደርሳት ይችላል። በመረብ ኳስ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኳሷን መያዝ ክልክል ነው፤ ይዞ መሮጥም ክልክል ነው፤ አንድ ተጫዋች ኳሷን ሁለት ጊዜ አከታትሎ መንካትም አይፈቀድለትም። ኳሷ በአንድ ሰው እጅ ላይ የምትቆየው ከዐይን ጥቅሻ ላነሰ ጊዜ ነው። ስለሆነም የመረብ ኳስ ተጫዋች ዋና ሥራው ለሌላው መስጠት ነው። የችሎታው መለኪያም ከእርሱ ቀጥሎ ኳሷን የሚነካው ጓደኛ ሥራው ምን ያህል እንደ ቀለለለት ነው።

ይህን ሐሳብ ይዛችሁ ብታነቡ፣ ከዚህ በታች ስለ ጨዋታው ችሎታዎች፣ ስለ ተጫዋቾች አሰላለፍና ስለ ሕግጋቱ የተጻፈው ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን ትረዳላችሁ።

ሀ. የጨዋታው አመጣጥ

መረብ ኳስ የተፈጠረው በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በሆልዮክ ከተማ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) 1895 ነበር። ፈጣሪው ዊልያም ሞርጋን የተባለ ሰው ሲሆን፣ በከተማዪቱ ወወክማ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ኃላፊ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1891፣ በዚያው ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ፈጥሮ ነበር። ይሁን እንጂ ቅርጫት ኳስ ሩጫና ግፊያ የሚበዛበት በመሆኑ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ላለው የማኅበሩ አባላት አልተስማማም። ስለዚህ ሞርጋን ተጋጣሚዎች ሳይገፋፉ ሊጫወቱት የሚችሉትን ጨዋታ ፈለገ። የቴኒስ መረብ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ አድርጎ ሰቀለና ሁለቱን ወገኖች በመረቡ ለያያቸው። የቅርጫት ኳስ ሲሞክር ከበደ፤ የውስጡን ላስቲክ ብቻ ሲሞክር ደግሞ እጅግ ቀለለ። በመጨረሻም ለጨዋታው የሚስማማ ልዩ ኳስ አሠራ።

ሞርጋን ለጨዋታው የሰጠው ስም «ሚንቶኔት» የሚል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ጨዋታው በስፕሪንግፊልድ ለመምህራን በታየ ጊዜ ግን ኳሷ መሬት ሳትነካ ከወዲያ ወዲህ መመታቷን የሚያመለክት የእንግሊዝኛ ስም ወጣለት፤ ቮሊቦል ተባለ። በአማርኛ ስሙን ያገኘው ከአመታቱ ሳይሆን ሜዳውን ለሁለት ከሚከፍለው ከመረቡ ነው። ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ ከተማ ተመሠረተ። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ውድድር የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ነው።

ለ. ሜዳው፣ መረቡና ኳሷ

የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 18 ሜትር፣ ስፋቱ 9 ሜትር ነው። መረቡ በመሃል ላይ ስለሚዘረጋ ለእያንዳንዱ ቡድን 9 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይደርሰዋል። ከመሃሉ መስመር 3 ሜትር ርቆ በየወገኑ የሚሰመረው መስመር የአጥቂዎች መስመር ይባላል፤ የፊቱን ክልል ከኋላው የሚለየውም እርሱ ነው። የመረቡ የላይኛው ጠርዝ ከመሬት ያለው ከፍታ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው፤ ለታዳጊዎች ከዚህ ዝቅ ሊደረግ ይችላል። በመረቡ ግራና ቀኝ፣ በሜዳው የጎን መስመሮች ትይዩ፣ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ይቆማሉ። ከመረቡ በላይ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚሉት እነዚህ ዘንጎች ኳሷ ማለፍ የሚገባትን በር ያመለክታሉ። የኳሷ ዙሪያ ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷም ከ260 እስከ 280 ግራም ነው።

ሐ. መሠረታዊ ችሎታዎች

1. መለጋት፡- ጨዋታው የሚጀመረው ኳሷን በመለጋት ነው፤ ይህም በተለምዶ ሰርቪስ ይባላል። ለጊው ከሜዳው የኋላ መስመር ውጭ ቆሞ፣ ኳሷን ከእጁ ከለቀቀ በኋላ በአንድ እጁ ይመታታል። ለጀማሪ የሚቀለው ከታች ወደ ላይ መለጋት ነው። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ግራ እግራችሁን አስቀድሙ፤ ኳሷን በግራ እጃችሁ ወገባችሁ አጠገብ ያዙ፤ ቀኝ ክንዳችሁን ወደ ኋላ ወስዳችሁ ወደ ፊት እያወዛወዛችሁ፣ ኳሷን ለቀቅ ስታደርጉ በመዳፋችሁ የታችኛው ክፍል ምቱ። በዚህ ከበረታችሁ በኋላ ኳሷን ወደ ላይ ወርውራችሁ ከራስ በላይ መለጋትን ትማራላችሁ። ሳትሽከረከር የተለጋች ኳስ በአየር ላይ እየተንገዋለለች ስለምትሄድ ለተቀባዩ ታስቸግራለች። ወደ ፊት እየተሽከረከረች የተለጋች ኳስ ግን መረቡን ካለፈች በኋላ ቶሎ ወደ መሬት ታዘቀዝቃለች።

2. በክንድ መቀበል፡- የተለጋችን ወይም የተመታችን ኳስ የምንቀበልበት ዘዴ ነው። ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነውና በጥሞና አንብቡት። እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ልክ ክፈቱ፤ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ የሰውነታችሁ ክብደት በእግራችሁ የፊት ክፍል ላይ ይረፍ። አንዱን እጅ በሌላው ላይ ደርባችሁ አውራ ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን አስተካክሉ፤ ክርናችሁን ዘርጉ። ኳሷ ማረፍ ያለባት ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ ባለው ጠፍጣፋው የክንድ ክፍል ላይ ነው። ክንዳችሁን አታወናጭፉ፤ ኳሷ የምትፈልገው ኃይል ከእግራችሁ መዘርጋት ይመጣል። ብርሃን በመስተዋት ላይ ሲያርፍ መስተዋቱ በዞረበት አቅጣጫ ተመልሶ እንደሚሄድ፣ ኳሷም ክንዳችሁ ወደ ዞረበት ትሄዳለች። ስለዚህ ኳሷን ከመንካታችሁ በፊት የምትልኩለትን ጓደኛ ማየት ይገባችኋል።

የዚህ ችሎታ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ታይቷል። ሻምበል አበበ ቢቂላ በማራቶን ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ድሉን ካገኘ ከሁለት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1964፣ የጃፓን ሴቶች ቡድን በቁመት ይበልጡት የነበሩትን የሶቪየት ኅብረት ተጫዋቾች 3 ለ 0 አሸንፎ የወርቅ ሜዳልያ ወሰደ። ከጃፓኖቹ አብዛኞቹ የአንድ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ልምምዳቸውን የሚያደርጉት ከሥራ በኋላ እስከ ሌሊት ድረስ ነበር። አሠልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማጹ አንድ ልዩ ዘዴ አስተምሯቸው ነበር፤ ይኸውም ወደምትወድቅ ኳስ ተወርውሮ ማንሣት፣ ከዚያም በትከሻ ላይ ተንከባልሎ ወዲያው መቆም ነው። በቁመት የማያገኙትን ብልጫ በመቀበል አገኙት። እንግዲህ ከእናንተ መካከል «እኔ አጭር ስለ ሆንኩ ይህ ጨዋታ አይሆነኝም» የሚል ካለ፣ ይህን ታሪክ ያስታውስ።

3. በጣት ማመቻቸት፡- ከተቀባዩ የመጣችውን ኳስ ለመቺው አስተካክሎ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለቱን እጆች ከግንባር በላይ አንሥታችሁ፣ በአውራ ጣቶችና በሌባ ጣቶች መካከል ሦስት ማዕዘን የሚመስል መስኮት ሥሩ፤ ኳሷንም በዚያ መስኮት ውስጥ ተመልከቷት። የሚነኳት ጣቶች ናቸው፤ መዳፍ ፈጽሞ አይነካትም። ጉልበትና ክርን በአንድነት ሲዘረጉ ኳሷ ለስላሳ ሆና ትወጣለች። በእጅ ላይ ከቆየች ወይም ሁለቱ እጆች በተለያየ ጊዜ ከነኳት ዳኛው ፊሽካ ይነፋል።

4. መምታት፡- ነጥብ ለማግኘት የሚደረግ የማጥቃት ምት ነው። በቀኝ እጁ የሚመታ ተጫዋች ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያለ ሦስት እርምጃ ይንደረደራል፤ በሁለቱም እግሮቹ ይዘላል፤ ኳሷንም ከትከሻው ፊት ለፊት በከፍታ አግኝቶ በተዘረጋ መዳፍ ይመታታል። በመጨረሻ የእጁን አንጓ ወደ ታች ቢሰብር ኳሷ ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ታዘቀዝቃለች። ሲወርድ በሁለቱም እግሮቹ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ማረፍ አለበት፤ ይህን የዘነጋ ሰው ጉልበቱን ሊጎዳ ይችላል።

5. ማገድ፡- የፊት መስመር ተጫዋቾች ከመረቡ አጠገብ ዘለው፣ እጆቻቸውን ከመረቡ በላይ ዘርግተው የተመታችውን ኳስ የሚመልሱበት መከላከያ ነው። ብቻውን የሚያግድ አለ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ግድግዳ የሚሠሩም አሉ። የሚያግድ ሰው እጁን ከመረቡ ማዶ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ተጋጣሚው መትቶ ሳይጨርስ ኳሷን ሊነካ አይገባውም።

መ. የተጫዋቾች አሰላለፍና የሥራ ድርሻ

በአንድ ቡድን ውስጥ ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሦስቱ ከኋላ ናቸው። የቆሙበት ቦታ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም የሚጀምረው ከሚለጋው ተጫዋች ነው።

መረብ
4   3   2
5   6   1

ከዚህ እንደምታዩት ቁጥር 1 ከኋላ በስተቀኝ፣ ቁጥር 2 ከፊት በስተቀኝ፣ ቁጥር 3 ከፊት መሃል፣ ቁጥር 4 ከፊት በስተግራ፣ ቁጥር 5 ከኋላ በስተግራ፣ ቁጥር 6 ከኋላ መሃል ነው። ተጋጣሚው በለጋበት ጊዜ ነጥቡን ያገኘ ቡድን የመለጋት ተራ ያገኛል፤ ከመለጋቱም በፊት ተጫዋቾቹ ሁሉ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አንድ ቦታ ይዛወራሉ። በቁጥር 2 የነበረው ወደ ቁጥር 1 ሄዶ ይለጋል፤ በቁጥር 1 የነበረው ወደ ቁጥር 6፣ በቁጥር 6 የነበረው ወደ ቁጥር 5፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በዚህ ሕግ ምክንያት ሁልጊዜ ከፊት ሆኖ የሚመታ፣ ሁልጊዜም ከኋላ ሆኖ የሚቀበል ሰው አይኖርም። ረጅሙም ከኋላ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ መቀበል፣ አጭሩም ከፊት ሲደርስ መዝለል ግድ ይሆንበታል።

ይህ እንዲህ ሲሆን፣ በሚገባ የተደራጀ ቡድን የሥራ ክፍፍል አለው። አመቻቹ ሁለተኛውን ንክኪ የሚወስድና ኳሷን ለማን መስጠት እንደሚሻል በቅጽበት የሚወስን የቡድኑ አእምሮ ነው። የግራ ክንፍ መቺዎች ከቁጥር 4 አካባቢ ይመታሉ፤ ከኋላ ሲሆኑም የተለጋችውን ኳስ በመቀበል ይረዳሉ። የመሃል ተጫዋቾች ዋና ተግባራቸው ማገድና ፈጣን ምት መምታት ነው። ከአመቻቹ በትይዩ የሚሰለፈው ተጫዋች ደግሞ በቀኝ በኩል ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም አቀፉ ሕግ የገባው ሊቤሮ፣ ስሙ በጣልያንኛ «ነፃ» ማለት ሲሆን፣ መቀበልና መከላከል ብቻ የተሰጠው የኋላ ተጫዋች ነው። ከጓደኞቹ የተለየ ቀለም ያለው መለያ ይለብሳል፤ አይለጋም፣ አያግድም፤ ከመረቡ ከፍታ በላይ ያለችን ኳስም ወደ ተጋጣሚው አይመታም።

የኋላ መስመር ተጫዋቾች ኳሷ ከተለጋች በኋላ ወደ ፊት መሮጥ ይችላሉ። ለምሳሌ አመቻቹ በቁጥር 1 ላይ ቢሆን፣ ወደ መረቡ ሮጦ ሁለተኛውን ኳስ ቢያመቻች ጥፋት የለበትም። ነገር ግን በአጥቂዎች መስመር ውስጥ ሆኖ ከመረቡ ከፍታ በላይ ያለችን ኳስ ወደ ተጋጣሚው ቢመታ ወይም ቢያግድ ጥፋት ይሆንበታል።

ሠ. ዋና ዋና ሕግጋት

አንድ ቡድን ኳሷን ወደ ተጋጣሚው ሜዳ ለመመለስ ሦስት ንክኪ ይፈቀድለታል። ሲያግዱ መንካት ከሦስቱ አይቆጠርም፤ ያገደው ተጫዋችም ራሱ ወዲያው መልሶ ሊነካት ይችላል። ከዚህ በቀር አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አከታትሎ አይነካም።

ቀድሞ ነጥብ ማግኘት የሚችለው የለጋው ቡድን ብቻ ሲሆን፣ ዙሩም በ15 ነጥብ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ማንም ይለጋ ማን፣ እያንዳንዱ ፍልሚያ ለአሸናፊው አንድ ነጥብ ያስገኛል። አስቀድሞ 25 ነጥብ ያገኘ ቡድን ዙሩን ያሸንፋል፤ ሆኖም የሁለት ነጥብ ብልጫ ያስፈልጋል። ውጤቱ 24 ለ 24 ከሆነ ጨዋታው 26 ለ 24፣ 27 ለ 25 እስኪሆን ይቀጥላል። ሦስት ዙር ያሸነፈ ግጥሚያውን ያሸንፋል። ሁለት ለሁለት ከተለያዩ አምስተኛው ዙር እስከ 15 ነጥብ ይደረጋል፤ እዚያም የሁለት ነጥብ ብልጫ ግድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘሩት ለተጋጣሚ ነጥብ የሚያሰጡ ጥፋቶች ናቸው፡-

- ኳሷ በራስ ሜዳ ላይ ስትወድቅ፤
- የመቱት ኳስ ከሜዳ ውጭ ስታርፍ፣ ወይም ከዘንጎቹ ውጭ ስታልፍ፤ መስመር ላይ ያረፈች ኳስ ግን እንደ ገባች ትቆጠራለች፤
- በአራት ንክኪ ሲጫወቱ፣ ወይም ኳሷን ሲይዙና ሲወረውሩ፤
- ኳስ ለመጫወት ሲሉ መረቡን ሲነኩ፤
- ሲለጉ ኳሷን ከመምታት በፊት የኋላውን መስመር ሲረግጡ፣ ወይም ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ሳይለጉ ሲቀሩ፤
- ኳሷ በምትለጋበት ጊዜ ተቀባዩ ቡድን የተራ ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ሲቆም።

የተለጋች ኳስ መረቡን ነክታ ብታልፍ ቀድሞ ጥፋት ነበር፤ ዛሬ ግን ጨዋታው ይቀጥላል። ኳሷን በእግር መንካትም ቀድሞ ክልክል ነበር፤ አሁን ተፈቅዷል።

ረ. አንዲት ነጥብ እንዴት ትጠፋለች?

እስካሁን በየተራ ያያችሁትን ሁሉ አሁን በአንድነት ተመልከቱት። ተጋጣሚው ለጋ እንበል። ከእናንተ መካከል በቁጥር 5 ያለው ተቀበለ፤ ነገር ግን ክንዱን ስላወናጨፈ ኳሷ ወደ አመቻቹ መሄዷ ቀርቶ ወደ ጎን አፈነገጠች። አመቻቹ ሮጦ ደረሰባት፤ ይሁን እንጂ ጀርባውን ለመረቡ እንደ ሰጠ ስለ ነካት ከመረቡ ርቃ ዝቅ ብላ ወጣች። መቺው ዘለለ፤ ከፍታ ያላገኘችውን ኳስ መታት፤ ኳሷም መረቡ ላይ ተለጠፈች። ነጥቡ ጠፋ። ተመልካቹ ሁሉ በመቺው ላይ አጉረመረመ።

እስቲ አስቡ፤ ነጥቡ የጠፋው በማን ነው? ዐይን የሚያየው መጨረሻ የነካውን ነው፤ ስሕተቱ የተጀመረው ግን ሁለት ንክኪ ቀደም ብሎ ነው። በአንጻሩም ነጥብ ሲገኝ ጭብጨባው ለመቺው ይሆናል፤ ጎንበስ ብሎ የተቀበለውንና ያመቻቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ግን ምስጋናውንም ወቀሳውንም ከመጀመሪያው ንክኪ ጀምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ስትጫወቱ መጨረሻ የነካውን ጓደኛችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት «እኔ የሰጠሁት ኳስ ምን ዐይነት ነበረች?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን መጠየቅ የለመደ ቡድን ሳይነታረክ ይሻሻላል፤ ያልለመደው ግን ረጃጅም ተጫዋቾች ቢኖሩትም እርስ በርሱ ሲካሰስ ዙሩ ያልቅበታል። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደሚባለው፣ ሦስቱ ንክኪዎችም ለሦስት ሰው የተከፋፈሉ ቀላል ሥራዎች ናቸው።

መልመጃ

1. የመረብ ኳስ ተጫዋች ችሎታ የሚለካው በምንድን ነው? ጸሐፊው ለዚህ የሰጠውን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
2. ሞርጋን አዲስ ጨዋታ ለመፍጠር የተነሣው ለምንድን ነው?
3. ተጫዋቾች በየተራ ቦታ እንዲዛወሩ የሚያዝዘው ሕግ ምን ጥቅም አለው?
4. ለሚከተሉት ቃላት ፍቺ ከሰጣችሁ በኋላ በዐረፍተ ነገር አግቧቸው፡- ተጋጣሚ፣ መንደርደር፣ ማፈንገጥ፣ ማወናጨፍ፣ ብልጫ።
5. «ሞርጋን መረቡን ሰቀለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ወደ ተገብሮ ሲለወጥ «መረቡ በሞርጋን ተሰቀለ» ይሆናል። ከምንባቡ ሌሎች አምስት ገቢር ግሦች መርጣችሁ ወደ ተገብሮ ለውጡ።
6. በአካባቢያችሁ የሚዘወተር አንድ ጨዋታ መርጣችሁ አመጣጡን፣ መሣሪያውን፣ የተጫዋቾቹን ድርሻና ሕጉን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንድ ገጽ ተኩል ድርሰት ጻፉ። ድርሰታችሁን የሚያነበው ሰው ጨዋታውን ፈጽሞ አይቶ እንደማያውቅ ቁጠሩ።